ከሳንቲም ሣጥን እስከ ሕግ አንቀጽ፦ የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ በሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች

መግቢያ

በሕዝብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ውሃ፣ ሳሙናና በተለምዶ ሶፍት የሚባለው ወረቀት መገኘት እንዳለበት በመርሕ ደረጃ የሚከራከር የለም። በተግባር ባይሟሉ እንኳ ጉድለቱ የተቋሙ እንጂ የተጠቃሚው እንዳልሆነ ይታመናል። የወር አበባም እንደ ሌላው የሰውነት ተግባር ሁሉ ቀንና ሰዓት መርጦ፣ ቦታ አስፈቅዶ የሚመጣ ነገር አይደለም። ያም ሆኖ ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል፣ ሶፍቱን ያለ ክፍያ በሚያቀርቡ አገሮች ሳይቀር፣ የንጽሕና መጠበቂያ ሴቲቱ ከቤቷ ይዛ የምትመጣው፣ ካልሆነም በሳንቲም የምትገዛው የግል ጉዳይ ተደርጎ ቆይቷል።

ይህ ጽሑፍ ያ አስተሳሰብ እንዴት እንደተፈጠረና እንዴት እየተቀየረ እንደመጣ ይመረምራል። ትኩረቱ ጉዳዩን በመጀመሪያ በአገር አቀፍ ሕግ በደነገገችው በስኮትላንድ ላይ ይሆናል፤ ወደዚያ ያደረሰውን መንገድ ለመረዳት ግን የአሜሪካንና የኬንያን ተሞክሮዎችም መቃኘት ያስፈልጋል። ታሪኩ በጥሞና ሲታይ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ሴቶችን ከንጽሕና መጠበቂያ ያራቃቸው የዋጋው ውድነት ብቻ አልነበረም፤ ለማግኘት ሲባል ሌላ ሰውን መጠየቅ ግዴታ መሆኑም ነበር። በመሆኑም «በነጻ መስጠት» እና «ሳይጠይቁ እንዲያገኙት ማድረግ» አንድ ነገር አይደሉም። የዚህ ልዩነት ትርጉም በተለይ ለጤና ባለሙያዎች ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ቁሳቁሱ በብዙ ተቋማት የተቀመጠው በእነርሱው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቁስል ማሰሪያ ወደ ገበያ መደርደሪያ

የፋብሪካ ምርት ከመስፋፋቱ በፊት በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ የነበሩ ሴቶች ቁራጭ ጨርቅ እያጠቡ ደጋግመው ይጠቀሙ ነበር። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ ላይ ተጠቅመው የሚጥሉት ዓይነት በብሪታንያ ለገበያ የቀረበ ቢሆንም፣ ሊገዙት የቻሉት አቅም ያላቸው ጥቂት ሴቶች ነበሩ።

ለውጡን ያመጣው ጦርነት ነው። በ1914 ኪምበርሊ ክላርክ የተባለው የአሜሪካ የወረቀት ኩባንያ ባለሙያዎች በአውሮፓ ባደረጉት ጉብኝት ከእንጨት የሚሠራና ፈሳሽ የሚመጥ ለስላሳ ቁስ ተመለከቱ። ኩባንያው ይህንኑ አሻሽሎ «ሴሉኮተን» በሚል ስም ማምረት ጀመረ። ቁሱ ከጥጥ ይልቅ አምስት እጥፍ ያህል ፈሳሽ የሚመጥ ሲሆን ዋጋውም በግማሽ ያነሰ ነበር። አሜሪካ በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ሴሉኮተን የወታደሮችን ቁስል ለማሸግ በብዛት ተላከ። በጦር ሜዳ ሆስፒታሎች ያገለግሉ የነበሩ ነርሶች ታዲያ ይህ የቁስል ማሰሪያ ለወር አበባም እንደሚያገለግል በራሳቸው ተሞክሮ ተረዱ። የዘመናዊው የንጽሕና መጠበቂያ መነሻ እንግዲህ የሽያጭ ባለሙያዎች ሐሳብ ሳይሆን በሥራ ላይ የነበሩ የጤና ባለሙያዎች መላ ነው።

ጦርነቱ ሲያበቃ ኩባንያው የተረፈውን ምርት የሚያውልበት ገበያ ፈለገ። በ1920 ኮቴክስ የተባለውን ምርት አወጣ፤ በ1921 ደግሞ በሴቶች መጽሔት ላይ ማስታወቂያ ማውጣት ጀመረ። የደርዘኑ ዋጋ 60 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ይሁን እንጂ ምርቱ እንደታሰበው በፍጥነት አልተሸጠም። የዘመኑ ሱቆች እቃቸውን ከባንኮኒ ጀርባ የሚያስቀምጡ፣ ደንበኛው የሚፈልገውን በስም ጠርቶ የሚገዛባቸው ነበሩ። ሻጮቹም አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች ናቸው። ብዙ ሴቶች ገንዘቡ በእጃቸው እያለ፣ ስሙን በሰው ፊት መጥራት ስላሳፈራቸው ብቻ ባዶ እጃቸውን ይመለሱ ነበር።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ቀላል ነበር። እሽጉ ምንም በማያመለክት ወረቀት ተጠቅልሎ በባንኮኒው ላይ እንዲደረደር፣ ከጎኑም የሳንቲም ሣጥን እንዲቀመጥ ተደረገ። ሴቲቱ ሳንቲሟን ሣጥኑ ውስጥ ጥላ፣ እሽጉን አንሥታ፣ ማንንም ሳታነጋግር ትሄዳለች። ሽያጩም አደገ።

ተፎካካሪው ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን በበኩሉ በ1920ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሞዴስ የተባለውን ምርት ለገበያ አቀረበ። ስሙ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ የማንኛውም ኩባንያ የንጽሕና መጠበቂያ በኢትዮጵያ እስከ ዛሬ «ሞዴስ» ተብሎ የሚጠራው ከዚሁ ምርት ስም በመነሣት ነው። ኩባንያው ምርቱን ከማሻሻሉ በፊት የሥራ ቅልጥፍና ጥናት ፈር ቀዳጅ የሆኑትን ሊሊያን ጊልብሬዝን የሴቶችን ፍላጎት እንዲያጠኑለት ጠይቆ ነበር። በ1927 የቀረበው የጥናት ዘገባ ሴቶቹ የሚመች መጠንና ቅርጽ ብቻ ሳይሆን የሰው ዓይን የማይስብ አስተሻሸግም እንደሚፈልጉ አመለከተ። በ1928 ደግሞ ኩባንያው በመጽሔት ማስታወቂያው ግርጌ ተቆርጦ የሚወሰድ ወረቀት አተመ። ሴቲቱ ያንን ቆርጣ ለሻጩ ስትሰጠው አንድ እሽግ ሞዴስ እንደምትፈልግ ያለ ቃል ይገነዘባል።

የሳንቲም ሣጥኑም ሆነ የሚቆረጠው ወረቀት የንግድ ብልሃቶች ናቸው። ነገር ግን በሁለቱ ውስጥ ኩባንያዎቹ ቀድመው የተረዱት፣ መንግሥታት ግን ለመረዳት ዘጠና ዓመታት ያህል የፈጀባቸው ቁም ነገር አለ፦ በሴቲቱና በምርቱ መካከል ሌላ ሰው እስከቆመ ድረስ ምርቱ መኖሩ ብቻውን በቂ አይደለም።

በመጸዳጃ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ማሽን

ከባንኮኒው ቀጥሎ የሳንቲም ሣጥኑ ወደ መጸዳጃ ቤት ገባ። በ1920ዎቹ መገባደጃ በአሜሪካ በመሥሪያ ቤቶችና በሕዝብ መገልገያዎች በሚገኙ የሴቶች መጸዳጃ ቤቶች ግድግዳ ላይ ሳንቲም ሲገባበት አንድ የንጽሕና መጠበቂያ የሚሰጥ ሣጥን መተከል ጀመረ። ይህ በወቅቱ ትልቅ እመርታ ነበር። ባልተጠበቀ ሰዓት የወር አበባዋ የመጣባት ሠራተኛ ማንንም ሳትለምን ችግሯን የምትወጣበት ዕድል አገኘች። እመርታው ግን ሁለት ጉድለቶች ነበሩበት። አንደኛ፣ ትክክለኛው ሳንቲም በእጇ ላይ ያልተገኘ ሴት ከምንም አትቆጠርም። ሁለተኛ፣ ማሽኑ ባዶ ሆኖ ወይም ተበላሽቶ መገኘቱ ለአሥርተ ዓመታት የዘለቀ ቅሬታ ሆነ።

በዚያ ዘመን ሳንቲም ይጠይቅ የነበረው የግድግዳው ማሽን ብቻ አልነበረም፤ የመጸዳጃ ክፍሎቹ በሮችም በአሜሪካ በብዙ ቦታ በሳንቲም የሚከፈቱ ነበሩ። የወንዶች የቁም መሽኛ በነጻ ሲሆን ሴቶች ግን ለማንኛውም አገልግሎት በር ማስከፈት ነበረባቸው። ይህን ልዩነት በመቃወም በ1969 የካሊፎርኒያ የሕዝብ ተወካይ የነበሩት ማርች ፎንግ ዩ በግዛቲቱ ምክር ቤት ደረጃዎች ላይ የሴራሚክ መቀመጫ በመዶሻ ሰበሩ። በ1970 በኦሃዮ ግዛት ክፍያው እንዲቀር የሚታገል ኮሚቴ ተቋቋመ። የቺካጎ ከተማ በ1973 የሚከፈልባቸውን መጸዳጃ ቤቶች ከለከለች፤ በአሥርተ ዓመቱ ውስጥም ብዙ ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ አወጡ። በዚህ ሁኔታ ሳንቲሙ ከበሩ ላይ ተነሣ፤ በግድግዳው ማሽን ላይ ግን ቀረ። በዚያ ትግል ውስጥ የንጽሕና መጠበቂያው ጥያቄ ሆኖ ጎልቶ አልተነሣም።

ብዙም ሳይቆይ ጉዳዩ የሕክምና መልክ ያዘ። በ1978 የዴንቨር ከተማ የሕፃናት ሐኪም ጄምስ ቶድና ባልደረቦቻቸው በሰባት ልጆች ላይ ያዩትን፣ በስታፊሎኮከስ ኦውሪየስ ባክቴሪያ መርዝ የሚመጣ ከባድ ሕመም «ቶክሲክ ሾክ ሲንድረም» ብለው ገለጹት። በ1980 ደግሞ ይኸው ሕመም ታምፖን በሚጠቀሙ ወጣት ሴቶች ላይ በብዛት መታየቱ ታወቀ። ከፍተኛ ፈሳሽ የመምጠጥ አቅም የነበረው ሪላይ የተባለ ታምፖን በዚያው ዓመት መስከረም ወር ከገበያ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው፦ ለፍሰቱ የሚበቃውን ዝቅተኛ የመምጠጥ አቅም ያለውን ዓይነት መምረጥና ከ4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መቀየር። ምክሩ ግን በውስጡ አንድ ቅድመ ሁኔታ ይዟል። በጊዜው ቀይሪ የተባለችው ሴት የምትቀይረው ነገር በአቅራቢያዋ ሊኖራት ይገባል። አንዱን ለረጅም ሰዓት እንድትጠቀም የሚያስገድዳት ድህነት ወይም ባዶ ማሽን ከሆነ ምክሩ ከወረቀት አያልፍም።

ግብርን ማንሣትና ወሰኑ

መንግሥታት በመጀመሪያ የወሰዱት እርምጃ ግብርን የሚመለከት ነበር። በብሪታንያ በ1973 የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጀመር የንጽሕና መጠበቂያ ግብር ከሚከፈልባቸው ዕቃዎች ተመደበ። ረጅም ክርክር ከተደረገ በኋላ በ2001 መጀመሪያ ግብሩ ወደ 5 በመቶ ዝቅ አለ፤ ሙሉ በሙሉ የተነሣው ግን ጥር 1 ቀን 2021 ነው። በዚህ ረገድ ከብዙዎቹ የበለጸጉ አገሮች ቀድማ የተገኘችው ኬንያ ናት፤ በ2004 ተጨማሪ እሴት ታክሱን አነሣች።

ግብር ማንሣት ፍትሐዊ እርምጃ ነው። ሆኖም የሚጠቅመው ዋጋው ትንሽ ቢቀንስ መግዛት የምትችለውን ሴት እንጂ ጭራሽ ገንዘብ የሌላትን አይደለም። ኬንያም ይህን በመገንዘብ በ2017 የመሠረታዊ ትምህርት ሕጓን አሻሻለች። ማሻሻያው ለአቅመ ሔዋን ለደረሰችና በመንግሥት ትምህርት ቤት ለተመዘገበች ልጃገረድ ሁሉ በቂና ጥራት ያለው የንጽሕና መጠበቂያ በነጻ እንዲቀርብ፣ ያገለገለው የሚወገድበት አስተማማኝ ዘዴም እንዲዘጋጅ ይደነግጋል። የማስወገጃው ጉዳይ በሕግ መጠቀሱ አርቆ አሳቢነት ነው፤ የአቅርቦት መርሐ ግብር ሲታሰብ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እርሱ ነውና።

ከነርሷ ክፍል ወደ መጸዳጃ ቤቱ፦ ኒው ዮርክ

በኒው ዮርክ ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የንጽሕና መጠበቂያ ለተማሪዎች በነጻ ይሰጥ ነበር። ሆኖም የሚገኘው በትምህርት ቤቱ ነርስ ክፍል ነው። ልጃገረዷ በክፍል ጓደኞቿ ፊት መምህሩን አስፈቅዳ፣ ወደ ነርሷ ሄዳ፣ ችግሯን ተናግራና ተቀብላ፣ ወደ መጸዳጃ ቤት ሄዳ፣ ከዚያ ወደ ክፍሏ ትመለሳለች። በአፈጻጸም ዘገባ ላይ «አቅርቦት አለ» ተብሎ የሚመዘገበው አሠራር በልጃገረዷ ዘንድ ግን ትምህርት የሚያስመልጥና ምሥጢር የሚያወጣ ጉዞ ነበር።

የከተማው ምክር ቤት አባል ጁሊሳ ፌሬራስ ኮፕላንድ ይህን አሠራር ለመቀየር ከ2015 ጀምሮ በኩዊንስና በብሮንክስ በሚገኙ 25 ትምህርት ቤቶች በመጸዳጃ ቤቶቹ ውስጥ ሳንቲም የማይጠይቁ ማሽኖች በሙከራ እንዲተከሉ አደረጉ። ሰኔ 21 ቀን 2016 የከተማው ምክር ቤት አቅርቦቱን በሕግ ለማጽናት የቀረበለትን ሐሳብ 49 ለ 0 በሆነ ድምፅ አጸደቀ። በዚሁ መሠረት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች፣ በመጠለያዎችና በማረሚያ ቤቶች የንጽሕና መጠበቂያ በነጻ እንዲቀርብ ተወሰነ። ቁሳቁሱ ቀድሞም ነጻ ስለነበር ለተማሪዎቹ አዲስ የሆነው ዋጋው አልነበረም፤ አዲሱ ነገር የተቀመጠበት ቦታ ነው። በጥቂት ሜትሮች ርቀት ላይ የተደረገው ይህ ዝውውር የጉዳዩን ባሕርይ ለወጠው።

የስኮትላንድ ጉዞ

በብሪታንያ ጉዳዩ የሕዝብ መነጋገሪያ የሆነው በ2010ሮቹ አጋማሽ ነው። የምግብ ዕርዳታ የሚለምኑ ቤተሰቦች ቁጥር በጨመረበት በዚያ ወቅት፣ በ2016 ለእይታ የበቃው የኬን ሎች ፊልም «እኔ፣ ዳንኤል ብሌክ» አንዲት እናት የንጽሕና መጠበቂያ ለመስረቅ የምትገደድበትን ትዕይንት ማሳየቱ ብዙዎችን አስደነገጠ።

በስኮትላንድ መንግሥት በሐምሌ 2017 በአበርዲን ከተማ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሴቶችና ልጃገረዶች የሙከራ መርሐ ግብር ጀመረ። በነሐሴ 2018 ደግሞ 5.2 ሚሊዮን ፓውንድ መድቦ በሁሉም ትምህርት ቤቶች፣ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ለሚማሩ አቅርቦቱ እንዲዳረስ አደረገ። በጥር 2019 ለአካባቢ ምክር ቤቶች ተጨማሪ 4 ሚሊዮን ፓውንድ ተሰጥቶ ቤተ መጻሕፍትንና የስፖርት ማዕከላትን የመሳሰሉ ቦታዎች በመርሐ ግብሩ ታቀፉ።

ግፊቱ ከመንግሥት ብቻ የመጣ አልነበረም። በ2018 ሦስት ወጣት ሴት የሴልቲክ እግር ኳስ ክለብ ደጋፊዎች በስታዲየሙ መጸዳጃ ቤቶች የንጽሕና መጠበቂያ በነጻ እንዲቀመጥ ክለባቸውን ጠየቁ። ክለቡም ተቀበለ። ሌሎች በርካታ የብሪታንያ ክለቦች ፈለጉን ተከተሉ። በወንዶች ጩኸት በሚታወቅ ስታዲየም ውስጥ ይህ መሆኑ ጉዳዩ «የሴቶች ጓዳ ነገር» መሆኑ እያበቃ ለመምጣቱ ምልክት ነበር።

የሌበር ፓርቲ የምክር ቤት አባል ሞኒካ ሌኖን በሚያዝያ 2019 ረቂቅ ሕጋቸውን አቀረቡ። የክርክሩ አንዱ ነጥብ ወጪ ነበር። አቅራቢዋ ዓመታዊ ወጪውን ወደ 9.7 ሚሊዮን ፓውንድ ሲገምቱ፣ መንግሥት ግን ወደ 24 ሚሊዮን ፓውንድ ሊደርስ ይችላል በማለት መጀመሪያ ላይ ረቂቁን ሳይደግፍ ቆየ። ለዚህ ጽሑፍ ጭብጥ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ስለ አሰጣጡ የተደረገው ክርክር ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ በአገሪቱ ኮንዶም በካርድ በነጻ የሚታደልበትን አሠራር መነሻ ያደረገ ነበር። በምክር ቤቱ ምርመራ ወቅት ረቂቁ ተሻሻለ። ተጠቃሚዋ ራሷን አስመዝግባ ካርድ እንድታሳይ ከማድረግ ይልቅ፣ የማቅረቡ ግዴታ በአካባቢ ምክር ቤቶች፣ በትምህርት ተቋማትና በሌሎች በተለዩ የሕዝብ አገልግሎት ተቋማት ላይ እንዲወድቅ ተደረገ።

ሕጉ ኅዳር 24 ቀን 2020 ያለ አንድም ተቃውሞ ጸደቀ። በጥር 2021 የንግሥቲቱን ይሁንታ አግኝቶ ነሐሴ 15 ቀን 2022 በሙሉ ተግባራዊ ሆነ። በሕጉ መሠረት ቁሳቁሱ ያለ ብዙ ድካም የሚገኝ፣ አሰጣጡም የተጠቃሚዋን ክብር የሚጠብቅ መሆን አለበት። ተቋማት ከአንድ በላይ ዓይነት ማቅረብ፣ በየትኛው ቦታና በምን መንገድ እንደሚያቀርቡም ተጠቃሚዎችን አስቀድመው ማማከር ይጠበቅባቸዋል። የገቢ ማስረጃ ማሳየት የለም፤ ድህነትን ማስረዳት የለም። ከአንድ ምዕተ ዓመት በፊት በሱቅ ባንኮኒ ላይ የተቀመጠው የሳንቲም ሣጥን ዓላማ ሴቲቱን ከመናገር ማዳን ነበር። የስኮትላንድ ሕግ ሳንቲሙን አንሥቶ ዓላማውን አስቀረው።

የሐኪሞች ማኅበር ድርሻ

ጉዳዩ በትምህርት ቤቶችና በስታዲየሞች ሲነሣ የሕክምናው ዓለም ራሱን መመርመር ግድ ሆነበት። የብሪታንያ ሐኪሞች ማኅበር በ2018 ዓመታዊ ጉባኤው በሆስፒታል ለተኙ ሕሙማን የንጽሕና መጠበቂያ በነጻ እንዲሰጥ ጠየቀ። ማኅበሩ ባደረገው ማጣራት አንዳንድ ሆስፒታሎች ጭራሽ እንደማያቀርቡ፣ ሌሎች ደግሞ ለድንገተኛ ችግር ብቻ ጥቂት እንደሚያስቀምጡ ታወቀ። ለወንድ ሕሙማን የጺም መላጫና የመላጫ አረፋ የሚያቀርቡ ተቋማት ለሴት ሕሙማን የንጽሕና መጠበቂያ አለማቅረባቸው በተለይ ትኩረት ሳበ። በመጋቢት 2019 የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ለሚያስፈልጋት ማንኛዋም ተኝታ ታካሚ በነጻ እንዲሰጥ ወሰነ።

ይህ ክስተት ለጤና ባለሙያዎች የሚያስተምረው አለ። ማንም በክፋት ተነሣሥቶ ሴት ሕሙማንን አልከለከለም። በአብዛኛው የሆነው ጥያቄው ሳይነሣ መቅረቱ ነው። ታካሚዋ አፍራ አልጠየቀችም፤ ስላልጠየቀች ፍላጎት እንዳለ አልታወቀም፤ ስላልታወቀም በበጀት አልተያዘም። ይህን ቀለበት የሰበረው የሙያ ማኅበሩ ቆጥሮና መዝግቦ በይፋ መናገሩ ነው።

ጥናቶች ምን ያሳያሉ?

ለነጻ አቅርቦት ከሚቀርቡት መከራከሪያዎች ሁሉ የሚደጋገመው ከትምህርት ገበታ መቅረት ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ በ595 ሴት ተማሪዎች ላይ ተደርጎ በ2014 የታተመ ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በወር አበባ ምክንያት ከትምህርት ቤት እንደሚቀሩ፣ ተጠቅመው የሚጥሉትን የንጽሕና መጠበቂያ የሚጠቀሙት ግን ሲሶ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ አመልክቷል። በሌላ በኩል በኔፓል የወር አበባ ኩባያ ለልጃገረዶች በዕጣ ተሰጥቶ በ2011 የታተመ ጥናት በትምህርት ክትትል ላይ ልዩነት አላሳየም።

በምዕራብ ኬንያ ተካሂዶ በ2016 ውጤቱ የወጣ የሙከራ ጥናትም የንጽሕና መጠበቂያ ወይም ኩባያ ማግኘት ትምህርት ማቋረጥን እንደቀነሰ አላረጋገጠም። ነገር ግን በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፉ ኢንፌክሽኖች መጠን ኩባያ በተሰጣቸው 4.2 በመቶ፣ የንጽሕና መጠበቂያ በተሰጣቸው 4.5 በመቶ ሲሆን፣ ምንም ባልተሰጣቸው ግን 7.7 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። አጥኚዎቹ እንደሚያስረዱት ችግረኛ ልጃገረዶች ለንጽሕና መጠበቂያ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ሲሉ ለግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚጋለጡበት ሁኔታ አለ።

ከእነዚህ ውጤቶች የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። አቅርቦቱን በትምህርት ክትትል ቁጥር ብቻ ማስመስከር አስፈላጊ አይደለም። ሶፍት በመጸዳጃ ቤት የሚቀመጠው የተማሪዎችን ውጤት እንደሚያሻሽል በጥናት ስለተረጋገጠ አይደለም፤ የሰው ልጅ ሰውነት ስለሚፈልገው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በሰኔ 2022 ለተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት ባቀረበው መግለጫ የወር አበባ ጤና የንጽሕና ጉዳይ ሳይሆን የጤናና የሰብዓዊ መብት ጉዳይ ሆኖ እንዲታይ ጠይቋል።

በአገራችን ሁኔታ

በኢትዮጵያም ጅምሮች አሉ። ኢንጂነር ፍሬወይኒ መብራህቱ በ2009 በመቀሌ ከተማ የመሠረቱት ማርያም ሰባ ፋብሪካ ታጥቦ ደጋግሞ የሚያገለግል የንጽሕና መጠበቂያ በማምረት ይታወቃል፤ መሥራቿም በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብለው ተሸልመዋል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2016 የወር አበባ ንጽሕና አጠባበቅን የሚመለከት የፖሊሲና የአፈጻጸም መመሪያ አውጥቷል።

ስኮትላንድ አነስተኛ ሕዝብና የዳበረ በጀት ያላት አገር ናት፤ የእርሷን ሕግ ቃል በቃል መቅዳት አይቻል ይሆናል። ታጥቦ የሚያገለግለው ዓይነትም ውሃ፣ ሳሙናና የማድረቂያ ቦታ በሌለበት የሚፈለገውን ያህል አይጠቅምም። የታሪኩ ዋና ትምህርት ግን ከፍተኛ በጀት አይጠይቅም። በጤና ተቋም፣ በትምህርት ቤት ወይም በመሥሪያ ቤት የሚገኘው ጥቂት ሞዴስ በነርሷ ወይም በንብረት ክፍል ኃላፊ ቁም ሣጥን ተቆልፎ ከተቀመጠ፣ ቁጥሩ በመዝገብ ላይ ትክክል ይሆናል፤ አንዲት አፋር ልጃገረድ ግን አታገኘውም። ያው መጠን በሴቶች መጸዳጃ ቤት ውስጥ ክዳን ባለው ንጹሕ ሣጥን ከማስወገጃ ባልዲ ጋር ቢቀመጥ ወጪው ያው ሆኖ ተጠቃሚዋ ትለያለች። «ይባክናል፣ ይሰረቃል» የሚለው ስጋት በየአገሩ የተነሣ ነው። የሚጠፋው በአብዛኛው የሚወሰደው ስለሚያስፈልግ እንደሆነ፣ አቅርቦቱ የማይቋረጥ መሆኑ ሲታወቅም የማከማቸት ፍላጎት እንደሚቀንስ ማሰብ ተገቢ ነው።

መደምደሚያ

የንጽሕና መጠበቂያ ታሪክ የተጀመረው በጦር ሜዳ ሆስፒታል በነበሩ ነርሶች እጅ ነው። እነርሱ ለቁስለኛ የመጣውን ማሰሪያ ለራሳቸው ሲያውሉ የማንንም ፈቃድ አልጠየቁም፤ ቁሱ በእጃቸው ነበርና። ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ ግን ሻጩን፣ መምህሩን፣ ነርሷን፣ አንዳንዴም ሳንቲም የሚያበድር መንገደኛን መጠየቅ ግዴታው ሆነ። የኒው ዮርክ ውሳኔና የስኮትላንድ ሕግ ያደረጉት የመጀመሪያዎቹ ነርሶች የነበራቸውን ዕድል ለሁሉም ማዳረስ ነው። ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ የማያስፈልገው ክፍል ደግሞ አለ፤ እርሱም እያንዳንዱ የጤና ባለሙያ በሚሠራበት ተቋም የቁም ሣጥኑ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ መጠየቁ ነው።